አሸዋውን ማን ደለደለው

የዩኒቨርሲቲው በር ጠባቂ ኢንስፔክተር ኩዜን ከላይ እስከ ታች አይቶ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ፈልገው ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይመለሱ» አላት።

ኩዜ መታወቂያዋን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ዕድሜዋን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስታሳድድ የኖረች ሴት፣ ፀጉሯ ስለሸበተና የኮሌጅ ደጃፍ ስላልረገጠች ብቻ በየበሩ እንዲህ ትቆማለች። ባለፈው ወር ከዋናው የፖሊስ ቢሮ የመጣ አንድ ባለ ዲግሪ ጎረምሳ ሻይ እንድታመጣለት አዟት ነበር። «ፍል ውሃው ያውልህ፤ እጅህ አልተቆረጠ» አለችው።

የአትሌቲክስ ቡድኑ አምበል ሴጋዋ በርዝመት ዝላዩ አሸዋ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። ትናንት ማምሻውን፣ ልምምድ ካበቃ በኋላ፣ ጥቂት ልዝለል ብሎ ቀርቶ ነበር፤ ጠዋት ለሩጫ የወጡ ልጆች እንዲህ አገኙት። አጠገቡ ካለው መደርደሪያ አሎሎዎች አንዱ ብቻ ተወልውሎ ያበራል፤ ሌሎቹ ጭቃቸውን እንደለበሱ ናቸው። በምን እንደተመታ ለማወቅ ሐኪም አያሻም።

ኩዜን ያስቆማት አሸዋው ነው። እስከ ሬሳው ጎን ድረስ እንደተነጠፈ አንሶላ ልሙጥ ሆኗል። ወደ መንደርደሪያው የተረጨው ፍንጣሪ እንኳ ተጠርጎ ተመልሷል። ባለ ጥርሱ መደልደያ፣ ጥርሱ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ዳር ላይ ጋደም ብሏል።

«ዱካውን አጠፋ፣ ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ጮኸ አሰልጣኝ ኢኑካይ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

«ማን?»

«ኬንያዊው ነዋ፣ ኮስኬይ! ትናንት ምሳ ላይ ከሴጋዋ ጋር ሲጨቃጨቅ ያላየው የለም። እንዳያመልጥ ፓስፖርቱን ወስጄበታለሁ። ማታ ኃላፊዎቹ ሲሰበሰቡ ስሙን ከዩኒቨርሲቲው እንሰርዛለን፤ ከዚያ ወደ አገሩ ነው።»

«እኔ ሳልመረምር?»

«ከዋናው ቢሮ ሰው ይመጣል መስሎኝ ነበር።»

«መጣ። ፊትዎ ቆሟል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ኩዜ እናቷንም ቢሆን ትጠረጥራለች፤ ለመክሰስ የቸኮለን ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ።

ኮስኬይ ማደሪያው ደረጃ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ እሱ ብቻ ጎፈሬ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፀጉሬ፣ እማማ። በቅብብል ሩጫው ስለተሸነፍን ሁሉም ለይቅርታ ይላጭ አለ። እኔ የሮጥኩትን ዙር አልተሸነፍኩም፤ ምን በወጣኝ እላጫለሁ?»

«ከዚያ ፈንክተኸው ሄድክ?»

«ብፈነክተው በሩጫ ነበር የምሄደው። እዚህ ማን ይደርስብኛል?»

ኩዜ ሳቋን ዋጠችው። «አሸዋው ጋ ትሄዳለህ?»

«ጫማ ውስጥ ይገባል። ዙሪያውን ነው የምዞረው።» ጉልበቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። «ሰው ገደለ ተብዬ ከተመለስኩ የሚያስጠጋኝ መንደር የለም።»

ውሃ የምታቀርበውና ሰዓት የምትይዘው ሆዙሚ ደግሞ ከጥያቄው ቀድማ ማልቀስ ጀመረች።

«ከሴጋዋ ጋር ወደ ኋላ የሚቀረው ማነው?»

«ኒዋ። ዘላዮቻችን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ዘንድሮ አዲስ አልገባም። ትናንት ግን ኒዋ ቀድሞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።»

«አየሽው ወይስ ነገረሽ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ነገረኝ።»

«አሸዋውን የሚደለድለው ማነው?»

«ታናሹ ዘላይ ነዋ! አምበል እንዴት ይደለድላል? አሰልጣኛችንም መደልደያውን ቢነኩ ነውር ነው ብለን ከእጃቸው እንነጥቃለን።»

ኒዋ ዓይኑ ቀልቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣብቆ ጠበቃት።

«እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር» አለ።

«ለአገር አቀፉ ውድድር ያለው አንድ ቦታ አሁን ለማን ነው?»

«ለእኔ… ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል? እንደ እሱ ያለ ነገር ሰው አጣርቶ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ኩዜ ሁሉንም አሸዋው ዳር አቆመቻቸው። ራሷ በከባድ ጫማዋ ገብታ፣ እየተራመደች ታወራ ጀመር።

«ዱካ ማጥፋት ብቻ ቢሆን በእግር ገፋ ገፋ አድርጎ መሄድ ይበቃል። ይሄኛው ግን ጠርዙን አስተካከለ፣ ፍንጣሪውን ጠረገ፣ የሰው እግር እንዳይወጋ የመደልደያውን ጥርስ ደፋ። ሰው ገድሎ ለሰው እግር የሚጨነቅ ማነው? ልቡ ሳያውቅ እጁ የሚሠራ ሰው ነው። ኮስኬይ አሸዋ ይሸሻል፤ እጁ ይህን ሥራ አያውቀውም። ሆዙሚም ሥራዋ ውሃና ሰዓት ነው። አሰልጣኝ ኢኑካይ…»

«እኔም ተጠርጥሬያለሁ?»

«ከማንም በፊት። ዘላይ ነበሩ አሉ፤ ሆድዎ ሳይወጣ ማለቴ ነው። ለመሆኑ መደልደያ የጨበጡት መቼ ነው?»

አሰልጣኙ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ከተላጩት አንዱ ሳቁ አመለጠውና አቀረቀረ። ኩዜ ከአሸዋው ወጥታ፣ ጎርባጣ ዱካዋን ከኋላዋ ትታ፣ ፊቷን ወደ ሆዙሚ መለሰች።

«አንቺም ልጄ፣ የነገሩሽን አየሁ አትበዪ…»

ከኋላዋ ሸር… ሸር… የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞሩ። ኒዋ መደልደያውን ይዞ ዱካዋን እያስተካከለ ነው። እኩሌታውን ከጨረሰ በኋላ ነው ጸጥታው የተሰማው።

«ማን አዘዘህ?» አለችው ኩዜ።

እጁ ደረቀ።

«ሴጋዋ ከአሸዋው በተነሣ ቁጥር ከኋላው ትደለድል ነበር። ትናንት አልተነሣም። አንተ ግን ደለደልክ።»

ኒዋ መደልደያውን፣ ጥርሱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ አስቀመጠው። «የሴጋዋ ጉልበት ታሞ ነበር… ቦታውን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹አንተ ያወቅኸው መደልደል ነው፤ ለውድድሩም መደልደያህን ይዘህ ተከተለኝ› ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። አሎሎው ቅርብ ነበር። መታሁት፣ አሎሎውን ወለወልኩት። መደልደሌን ግን… እውነቴን ነው፣ አላስታውሰውም።»

ከኩዜ ጋር የመጡት ፖሊሶች ደግፈው ወሰዱት። ሆዙሚ ፊቷን ሸፈነች። አሰልጣኝ ኢኑካይ ስልኩን አውጥቶ ቀስ እያለ ከሰዉ መሃል መውጣት ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለችው ኩዜ።

«ለኃላፊዎቹ ልንገር…»

«ይደርሳል። መጀመሪያ የልጁን ፓስፖርት ያውጡ። በሁለት እጅዎ ይስጡት። ከዚያ ጎንበስ ይበሉና፣ ጠዋት ‹ነፍሰ ገዳይ› ብለው በጮኹበት ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ይቅርታ ይጠይቁት። ኮስኬይ ራሱ ቀና ይበሉ እስኪልዎት ድረስ፣ ቀና እንዳይሉ።»