የልምምድ እናት

«ኧረ እንደ ልጅ ያዢው! ልጅ በእግሩ ይንጠለጠላል እንዴ?» አለ አባቷ፤ ሐኪሞቹም ሳቁ።

አሻንጉሊቱን አቅንታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስንት ሰው እንደዳበሰው እንጃ፣ የላስቲክ ገላው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ የላብና የሳሙና ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሐኪሞቹ ወላጅ ማነጋገርን እንዲለማመዱ የልምምድ እናት ሆና የምትሠራው ሴትዮ ዛሬ ስለቀረች፣ እሷ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋላት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ በምትኳ መጥታለች። እናትነት እንዲህ ከሆነ ይቅርባት።

አባቷ የሕፃናት ሐኪም ነው። እዚህ የሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ ለሌሎች ሐኪሞች የሚያስተምረው፣ ትንንሽ ልጆች እንደ ዕድሜያቸው እያደጉ መሆናቸውን ቀድሞ ስለማየትና ያዩትን ለወላጅ ስለመንገር ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የተጠራ ነው።

«አንዲት እናት ‹ልጄ አሳሰበኝ› ስትላችሁ፣ ‹ጠብቂው፣ ያድጋል› ብላችሁ እንዳትሸኟት» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ያንን ልጅ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። አደራ!»

ሐኪሞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷን ግን አስጠላት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ትናንት ራት ላይ እናቷ ስለ ትንሹ ወንድሟ፣ «ሚጢጢን በስሙ ስጠራው ዞር እኮ አይልም» ስትለው፣ ይኸው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል ምን ነበር ያላት? «ጠብቂው እንጂ። ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው።» እናቷ ሳህኖቹን ሰበሰበች። የትናንቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሚጢጢ ሁለት ዓመት ከደፈነ ጀምሮ አባቷ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ ነው።

ልምምዱ ተጀመረ። መጀመሪያ ፊቷ የተቀመጠው ወፍራም ሐኪም፣ ሰላም እንኳ ሳይላት፣ «ቴሌቪዥን ፊት ጥደሽው ትውያለሽ አይደል?» አላት። ሌባ ሆና የተያዘች መሰላት። ቀሽም! አባቷ በዚያ ማር በሆነ ድምፁ፣ «ወንድሜ፣ ወላጅ ተከሳሽ አይደለም» ብሎ አረመው። ከኋላ አንዷ ሐኪም «ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ስትል ሰማች።

ሁለተኛው ቀጭን፣ ወጣት ሐኪም ነበር። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ፤ ወንበሩን ስቦ ጎኗ ተቀመጠ። «ስለ ልጅዎ ምን ደስ ይልዎታል?» አላት። አንቱ መባሏ ሌሎቹን አሳቃቸው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ሳቁ» አለች። «ውኃ ሲወርድ ሲያይ ይስቃል።»

«ምን ያሳስብዎታል?»

ምንም ሳይጨምር ፊቷን እያየ ጠበቃት። የተሰጣት ታሪክ መራመድ ስለዘገየ ልጅ ነበር፤ በቃሏም ይዛዋለች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ውኃ ሲፈልግ አይጠይቀኝም። በጣቱም አያሳየኝም። እጄን ይይዝና ጎትቶ ቧንቧው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊቴን ግን አያይም። እጄ ብቻውን የመጣ ነው የሚመስለው። ስጠራው አይዞርም። ጆሮውማ ደኅና ነው፤ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሌላ ክፍል ሮጦ ይመጣል። ድሮ ‹ማማ› ይል ነበር፤ አሁን ትቶታል። ለአባቱ ስነግረው...» የአሻንጉሊቱን እጅ ያዘች። «ለአባቱ ስነግረው አይሰማኝም።»

የአባቷ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቆየ። ከዚያ አጨበጨበ። «አያችሁልኝ? ልጄ እኮ ተዋናይ ናት!» ሐኪሞቹም ተከትለውት አጨበጨቡ፤ ወፍራሙማ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው። የሚጨበጨበው እኮ በወንድሟ ላይ ነው!

በሻይ ሰዓት አባቷ ክንዷን ይዞ ኮሪደር አወጣት። «የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል?»

«ማን አወቀብህ? ትወና ነው ብለህ ሸወድካቸው አይደል?»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እዚህ ነህ። እቤት ሐኪም የለንም፣ አባዬ።»

አባቷ ክንዷን ለቀቀ። ከኪሱ ሳኒታይዘር አውጥቶ እጁን አሸ፤ መልሶ አሸ። «ለሰው ስነግረው ቀላል ነው። የራስ ሲሆን...» ብሎ ተወው። ፈርቷል። ትንሽ አሳዘናት፤ ማስጠላቱ ግን አልለቀቃትም። እሱ እየፈራ እናቷ ብቻዋን ስትጨነቅ ስንት ወር አለፈ። ወዲያው ድምፁን አጠንክሮ፣ «ከሻይ በኋላ የተሰጠሽን ብቻ ነው የምትዪው። ለእናትሽም እንዳታነሺ!» ብሏት ገባ።

ቀጭኑ ሐኪም ሻዩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ሳታስበው አጠገቡ ደረሰች።

«ቅድም ያልኩት ትወና አይደለም» አለችው። «ወንድሜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል።»

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ብሎ አልሸነገላትም። «እናትሽ ይዘውት ቢመጡ ደስ ይለኛል። ከሥልጠናው ስወጣ የምርመራ ክፍሌ ነኝ፤ ታች» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ከአባትሽ ደብቄ ግን አላደርገውም። እነግራቸዋለሁ» አላት።

እቤት የሚጠብቃት ቁጣ፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ የሚቆየው ኩርፊያ ከወዲሁ ታያት። በተከፈተው በር አባቷ ወንበሮቹን ክብ እያስያዘ ከወፍራሙ ሐኪም ጋር ሲሳሳቅ አየችው። ምንም እንዳልተፈጠረ!

«ይንገሩት» አለች፤ ስልኳንም አወጣች።

«እማዬ፣ ሚጢጢን አልብሰሽው እዚህ ነይ። የሚሰማሽ ሐኪም አግኝቻለሁ።»

«አባትሽ ያውቃል?» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አሁን ይነገረዋል።»

«ይቆጣል እኮ፣ ልጄ።»

«ይቆጣ» አለች፤ አዳራሹን ትታ ወደ ደረጃው እየሄደች። «ዋናው በር ላይ ታገኚኛለሽ።»