ቀን የሚታተምበት ፎቶ

ፎቶግራፍ አንሺው ዘመድኩን ሶማሌ ተራ ባለው ስቱዲዮው ውስጥ፣ በገዛ የካሜራ ማቆሚያው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መርማሪ ሸዋገነት ስትደርስ ፖሊሶቹ ሸሪኩን ፉርቃንን በካቴና ሊያስሩት ተሰናድተዋል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ተራው ሁሉ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የሟች ገመና ነው፤ አላወጣም።»

«በምሳ ሰዓትስ የት ነበሩ?»

«ጁምዓ፣ አንዋር መስጊድ ደጅ አስፋልቱ ላይ። ሺህ ሰው ነበር፤ ሁሉም ግንባሩ መሬት ላይ ነው፣ ማን አየኝ ልበል?»

በሩ ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም አሸብር ደረቱን ይደቃል። «አባቴም እናቴም እሱ ነበር! ሳምንት ሙሉ ሳልጠይቀው!»

ሸዋገነት ጩኸት አታምንም። ዝምታም አታምንም። አታሚዋ በድሪያ እጅጌዋን ሳብ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ነው ያገኘሁት። የካሜራውን ካርድ ማተሚያው ላይ ብሰካው ‹ፎቶ 214 የለም› ይለኛል።»

«ከሌለ ማተሚያው ለምን ይጠይቀዋል?»

«ጋሼ የሚታተመውን እዚያው ካሜራው ላይ ነው የሚያዘው። ትዕዛዙ ካርዱ ላይ ለብቻው ይጻፋል። ፎቶውን በኮምፒውተር ቢያጠፉትም ትዕዛዙ ይቀራል።»

«ምን ይላል?»

«ሁለት ቅጂ፣ ከነቀኑ።» ድምጿ ዝግ አለ። «ለደንበኛ ግን ቀን አያትምም። ‹ሙሽራዋ ዕድሜዋን ቆጥራ ትርገመኝ?› ይል ነበር። ለዘመዱ ብቻ ነው።»

ሸዋገነት ግድግዳውን ቃኘች። አሸብር በደብተር፣ አሸብር በምረቃ ልብስ፤ ሁሉም ጥግ ላይ በቢጫ የታተመ ቀን አለ።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«213 የደንበኛ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ የተነሳውን ገዳዩ አጠፋው። ለምን? ፊቱ ስላለበት። አቶ ፉርቃን እዚህ ቢታይ ማን ይገረማል? ውሎው ነው። በድሪያም እንደዚያው። ዛሬ እዚህ አልመጣሁም ያለ ሰው ግን ይፈራል። ፎቶው ደግሞ ከነቀኑ የታዘዘ የዘመድ ነው። ጋሼ ዘመድኩን ስንት ዘመድ አላቸው፣ አሸብር?»

አሸብር ልቅሶውን አቆመ።

«ጠዋት ‹ወንድምህ በሐሰት ውክልና ሱቅህን ሸጦብሃል› አልኩት» አለ ፉርቃን ቀስ ብሎ። «ስም አጠፋህ ብሎ ጮኸብኝ።»

«ጠርቶ ጠየቀኝ፤ አመንኩ» አለ አሸብር። «አልተቆጣም። ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ አቅፎኝ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ፣ ሰኞ አብረን ሄደን ለሕግ እንናገራለን፣ ከጎንህ አልጠፋም አለኝ። ገንዘቡን ጨርሼዋለሁ… እስር ቤት ታየኝ።»

ይዘውት ወጡ። አንድ ፖሊስ መዝገቡን እንደያዘ ዞር ዞር አለ።

«አስከሬኑን የሚረከብ ዘመድ አለ?»

ፉርቃን ካቴና ሊገባበት የነበረውን እጁን ወደ መዝገቡ ዘረጋ።

«እኔ እፈርማለሁ። የለቅሶው ድንኳንም እኔ ደጅ ይተከል።»