የመክፈቻው ጸሎት

«አክስቴ፣ ልብሴ ደረሰ?»

ልጅቷ ይህን ያለችው ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በሩንም ሳትዘጋ ነው። አክስቷ ከስፌት መኪናው ቀና አለች።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

ልጅቷ አፍራ ሳቀች።

ልጅቷ ለጸሎት ማይክ ስትይዝ ድምጿ ይርገበገባል፤ እንባዋም ሳይጠሩት ከተፍ ይላል። ትልልቆቹ ሳይቀሩ መሀረብ ያወጣሉ። የክፍል ጓደኞቿ ሊያበሽቋት «ጻድቋ» ይሏታል፤ እሷ ግን ስሙን በልቧ ወዳዋለች። ዛሬ በትልቁ የወጣቶች ጉባኤ መክፈቻውን የምትጸልየው እሷ ናት። ከዘገየች የመዘምራን አለቃው ልጅ ማይኩን ለመንጠቅ አሰፍስፋለች።

የመዘምራኑን አዲስ ልብስ በሙሉ የሰፋችው አክስቷ ናት። የቀረው የልጅቷ አንገትጌ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ አክስቷ ሆስፒታል ገብታ ሆዷን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ሰሞኑን የደወለው ሁሉ ግን «ልብሱ ደረሰ ወይ?» ብሎ ነው የዘጋው። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለ አንድም አልነበረ።

«ይኸው አለቀ» አለች አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «ከመሄድሽ በፊት ግን ጸልዪልኝ። ያቺን ሰው ሁሉ የሚያወራላትን ጸሎት።»

ልጅቷ ደስ አላት። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። «በዙፋንህ የተቀመጥክ የነገሥታት ንጉሥ ሆይ! በፊትህ የተሰበሰበውን ይህን ታላቅ ጉባኤ...»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ያለነው እኔና አንቺ ነን።»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ሳቋን ቀድማ ያቆመችው አክስቷ ናት።

«ፈርቻለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ልጅቷ የሸመደደችው ሁሉ ጠፋባት። እንባዋን ጠበቀችው፤ እሱም ቀረ። ልብሱን ለበሰችና መስታወቱ ፊት ቆመች። አንገትጌው ልክክ ብሏል።

«እንዴት ያምርብሻል!» አለች አክስቷ።

በመስታወቱ ውስጥ ግን ከኋላዋ ታየቻት። ሆዷን በእጇ ይዛ፣ አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን ባዶ ቦርሳ ታያለች። ለነገ ምንም አልከተተችም። ጊዜዋን የበላው የመዘምራኑ ልብስ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ናት።

«አንቺ፣ የት ገባሽ? የአለቃው ልጅ ማይኩን ይዛ "ሀሎ፣ ሀሎ" እያለች ነው!»

ያቺ ልጅ በማይኩ ስትንቀባረር፣ ሰዉም ሲያጨበጭብላት ታያት።

«እሷ ትጸልይ» አለች ልጅቷ።

«አብደሻል እንዴ? ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«አክስቷ ጋ ናት በያቸው።»

ልብሱን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በሩን ዘጋች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

«ጉባኤውስ?» አለች አክስቷ።

ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ «ጌታ ሆይ፣ አክስቴ ፈርታለች» አለች። «እኔም» ብላ ጨመረች።



«አሜን» አለች አክስቷ።

ልጅቷ ቦርሳውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የሌሊት ልብስሽ የቱ ጋ ነው?»