«ኖር» ያልሁላቸው ሽማግሌ

እኔ ስለ ጋኔንና ስለ ቆሌ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ የፎርክሊፍት፣ የጭነት ማንሻው ማሽን፣ ሾፌር ነኝና ሽቦና ዘይት የማያስረዳኝ ነገር አለ ብዬ አምኜ አላውቅም፣ ይህን ስነግርህም ምን ይለኝ ይሆን እያልሁ ነው።

የምሠራው ቡሬ፣ አንድ የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነው። ማሽኑ ወንበሩ ሥር መቆጣጠሪያ አለው፣ ሾፌሩ ብድግ ካለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለደኅንነት ነው ተብሎ በሥልጠና ተነግሮናል። እኛ አገር ግን ሽማግሌ ሲመጣ ተቀምጦ የሚያይ ማን አለ? እህል የሚያስረክቡ አባቶች ቀኑን ሙሉ ይገባሉ፣ እኔ «ኖር!» ብዬ በተነሣሁ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ሥራው ተጓተተ። በመጨረሻ ኤሌክትሪሻኑን ለምኜ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ አገናኘልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ብነሣም አይቆምም። ጥፋቴን አልደብቅህም።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ፊቴን የሚጋርድ ጆንያ በማሽኑ ሹካ ላይ ቆልዬ በእህሉ መደዳዎች መካከል እሄዳለሁ፤ እንዲያ ሲሆን ወደ ኋላ መንዳት ነበረብኝ፣ ማን ይዞራል ብዬ ተውሁት እንጂ። መጀመሪያ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፣ ኳ፣ ኳ፣ በዚያ ዝናብ እንዴት እንደተሰማኝ እንጃ። ቀና ስል በቀኜ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ጠብታ አልነካውም፣ እመነኝ፣ ያኔውኑ ጠርጥሬያለሁ።

ልማድ ነውና «ኖር አባቴ!» ብዬ ብድግ አልሁ።

«በእግዜር» አሉ።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ሞተሩም ጠፋ።

ወርጄ ወደ ፊት ብዞር፣ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት አበልጄ ሙጨ፣ ጫኝና አውራጅ ነው፣ ከሹካው ጫፍ አንድ ስንዝር ላይ አጎንብሶ የፈሰሰ በቆሎ ይለቅማል። አለቀስሁ፣ አላፍርበትም።

ሽማግሌው የሉም። ዘበኛው «ኧረ በዚህ ዝናብ ማንም አልገባ» አለ፣ እሱ እንቅልፍ ስለሚወድ አላመንሁትም። ኤሌክትሪሻኑን መልሰህ ፈታኸው ወይ ብዬ ስጠይቀው «አንተዋ፣ መቼ ነካሁት?» ብሎ ማለልኝ፣ ከፍተን ብናይ ሽቦው እንደታሰረ ነው።

ሠራተኛው ሁሉ መልአክ ነው አለ፣ እኔም ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ልሳል ምንም አልቀረኝ። ማታ ከሙጨ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ግን፣ መደዳው መሀል እንዳይቆም ስንቴ እንደነገርሁት አንሥቼ ተቆጣሁት።

«ምን ላድርግ አበልጄ» አለኝ፣ «አንድ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ‹እህል አይረገጥም ልጄ፣ ጎንበስ ብለህ ልቀም፣ እስክነግርህ ቀና እንዳትል› ብለውኝ እኮ ነው።»

ስለቱን ተውሁት። ማሽኑን ያቆሙትም እሱን ከሹካው ፊት ያስጎነበሱትም ያው ከሆኑ፣ ለማን ብዬ ልሳል?

ሽቦውን በማግሥቱ አስፈትቻለሁ። አሁን ሽማግሌ ሲመጣ ሹካውን መሬት አስነካለሁ፣ ቁልፉን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ «ኖር» እላለሁ፣ ያደግሁበት ነውና አልተውም፤ መልሱን ስሰማ ግን ዞር ብዬ ሙጨ የት እንዳለ እፈልጋለሁ።