የመሃለኛው ሳጥን

እኔ በመናፍስት ወሬ የማላምን ሰው ነኝ፣ ጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፣ ስለዚህ ይቺን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ አደራ።

ታራንቱላ፣ ያቺ መዳፍ የምታክለው ጸጉራም ሸረሪት፣ ቤቴ እንድትኖር ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ጓደኞቼ ድመት ምን አደረገችሽ ይሉኛል። እናቴ ስንት ጊዜ ተለምና፣ አንድ ብቻ፣ እሷም ከሳጥኗ ከወጣች በዚያው ቀን ከቤቴ ትወጣለች ብላ ፈቀደችልኝ። በደስታ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ በጠዋት ከአዳማ በሚኒባስ መልካሳ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሸረሪት የሚያረቡት ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ብለው ተቀበሉኝ፣ ጀማሪ ሰው ረጋ ያለችውን ነው የሚመርጠው፣ ሴቷን ውሰጂ ዕድሜዋ ረጅም ነው ብለው መክረውኝ ውሃ ሊያመጡልኝ ጓዳ ገቡ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የመስታወት ሳጥን አለ። የግራዋ ቡናማ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የቀኟ ገና ስጠጋ ተፈትልካ ጉድጓዷ ገባች። የመሃሏ ግን፣ እመኑኝ፣ ጥቁር፣ ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ የፊት እግሯን ቀስ አድርጋ አንስታ በወዲያ በኩል ልክ ጣቴ ላይ አሳረፈችው፣ ጫር የሚል ድምፅ ሁሉ ሰምቻለሁ። ልቤን ይዛው ሄደች።

ጋሽ ቶሎሳ ሲመለሱ የመሃሏን ነው የምወስደው አልኳቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ ቆሙ።

"ልጄ፣ እሷ እኮ ከሞተች ቆየች። ሳጥኑ ባዶ ነው።"

ዞር ስል አፈር ብቻ። ክዳኑን ከፍተው በእንጨት አገላበጡልኝ፣ ምንም የለም። ሙቀቱ ነው ብዬ አፍሬ ቡናማዋን መረጥኩ፣ ክዳኗን በፕላስተር አሽገው ሰጡኝ።

ቤት ከገባች ወዲህ ያ ጫር የሚል ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማኝ ነበር፣ ቀና ስል ቡናማዋ ንቅንቅ አላለችም። ትናንት ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ግን፣ ሸረሪት ስትሰማ የምታማትበው እናቴ ወንበር ስባ፣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

"ቡናማዋ ኩራተኛ ናት፣" አለችኝ፣ "ጥቁሯ ግን እግሯን እያነሳች ሰላም ትለኛለች። አንድ ብለሽ ሁለት ስታመጪ ዝም ያልኩሽ ለሷ ብዬ ነው።"

ስለመሃለኛው ሳጥን ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። እኔ የማየው ቡናማዋን ብቻ ነው፣ ግን የለችም ብላት ሁለቱንም እንዳታባርርብኝ ፈርቼ፣ አዎ ጨዋ ናት አልኳት።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ሳጥኑን ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች።

"ጥቁሯ የታለች?"

ፕላስተሩ እንደታሸገ ነው። ጫማዬን አራግፌ ነው ያደረግኩት፣ አልጋ ስር ለማየት ግን አቅም አጣሁ፣ እውነቱን ንገሪን ካላችሁ ደግሞ ይሄን እየነገርኳችሁ አንድ ጣቴን ግድግዳው ላይ አሳርፌ እየጠበቅኳት ነው።