ሦስተኛው ድረ ገጽ

ልብስ ሰፊዋ ሞተው የተገኙት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የስፌት ትምህርት በቪዲዮ በሚቀርጹባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በክንዳቸው ተደፍተዋል። ጆሮ ማዳመጫው ከጆሯቸው አልወረደም። ከፊታቸው ባለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆሟል። ከበሩ በላይ ያለችው «ቀረጻ ላይ ነን፣ አትግቡ» የምትለው ቀይ መብራት እንደበራች ነበረች።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ አለቃዋ አስቀድሞ ደውሎላታል።

«የጀነሬተር ጭስ ነው፤ ሐኪሙም አረጋግጧል። መብራት ጠፍቶ አስነሱት፣ ጭሱ ገባ፣ አለቀ። እስከ ምሳ ሰዓት ፋይሉን ዝጊልኝ።»

መርማሪዋ ቀድሞውንም ተበሳጭታለች። ሟቿ ትምህርታቸውን ሊሸጡባቸው የተመዘገቡባቸውን ድረ ገጾች ስለ ሒሳባቸው መረጃ እንዲሰጧት ማታውኑ ብትጽፍላቸው፣ ሦስት ጊዜ የመጣላት መልስ አንድ ነው፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«ትዕግሥት እንዳለኝ ማን ነገራቸው?» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ክፍሏ ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተለብጧል። ወደ ጓሮ የሚወጣ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ አንድ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ አላት። ጀነሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ከዚያ ቀዳዳ ሥር ቆሟል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። የጀነሬተሩ መጠለያ ጓሮው ማዶ፣ አጥሩ ጥግ ነው። ከመጠለያው እስከ ቀዳዳው ድረስ የጎማዎቹ ዱካ ጠጠሩን ሰንጥቆ መጥቷል።

ካሜራ የሚይዘው የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበር። አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ ዕጦት ቀልቷል።

«ጀነሬተሩን እዚህ አምጥተውት ያውቃሉ?» አለችው።

«ኧረ በጭራሽ። ድምፁ ለቀረጻ አይመችም ብላ እዚያ ጥግ ያስደረገችው ራሷ ናት።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጠዋት መድኃኒት ገዛሁላትና ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ጉንፋን ጥሏት ድምፅ የሚባል አልነበራትም። የመድኃኒቱንም ስም በወረቀት ጽፋ ነው የሰጠችኝ። አፍንጫዋም ተደፍኖ ነበር።»

ግድግዳው ላይ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። መርማሪዋ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ወንድምየው በረጅሙ ተነፈሰ።

«የስድስት ወር ጣጣችን ነዋ። እስካሁን በነፃ ስንለቀው የነበረውን ትምህርት የቱ ድረ ገጽ ላይ እንሽጥ ነው ጉዳዩ። አንደኛው ትልቁ ገበያ ነው፤ ጨርቁም ትምህርቱም አብሮ ይሸጣል፣ ግን ከዚያ ሁሉ ሻጭ መሐል የሚያየን የለም። ሁለተኛው የተቀረጸ ትምህርት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አንዴ ከጫኑ በኋላ ሌላ ሥራ የለም። ሦስተኛው ላይ አስተማሪው መታወቂያውን አሳይቶ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር በቀጥታ መገናኘት አለበት። አንዱ ቪዲዮው ከበደኝ ይላል፣ አንዱ የይለፍ ቃልህ ስህተት ነው ይላል። እኔስ በቁሜ አረጀሁ።»

«እርሳቸው የቱን መረጡ?»

«ሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም አላገኘም።»

መርማሪዋ ያነጋገረቻቸው ሁለተኛው ሰው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት ሽማግሌ ነበሩ። ለጨርቃቸው ሲሉ ትልቁን ገበያ ይደግፉ እንደነበር ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ተከራክሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ትናንት ክር ሊወስዱ መጥተው በእጅ ምልክት ሲያዋሩኝ አሳዘኑኝና ዝም አልኩ።»

«መብራት ስንት ሰዓት ላይ ጠፋ?»

«የምን መብራት? እስከ አሥር ሰዓት በኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ጨርቅ ስዘመዝም ነው የዋልኩት፤ ለቅጽበትም አልጠፋ። ስምንት ሰዓት ገደማ ጀነሬተር ሲያጓራ ሰምቼ፣ የጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት። የኛ አልጠፋማ።»

ሦስተኛዋ የሟቿ የእህት ልጅ ናት። ተማሪዎቹ «አስተማሪያችን» ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቪዲዮዎቹ ላይ የምትታየውና የምትናገረው እሷ ነበረች። ስልኳ በየደቂቃው ይንጫጫል፤ ሐዘኑን የሰሙ ተማሪዎች ነበሩ። መርማሪዋ ከትምህርቶቹ አንዱን እያየች ጠየቀቻት።

«ትናንት እዚህ መጥተሽ ነበር?»

«አልመጣሁም። ጠዋት በስልክ አወራን። ትንሽ ተቀያይመን ነበር፣ ይቅር ተባባልን። ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣ ደስ ብሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛው ድረ ገጽ የመጀመሪያዋን ትምህርት እቀርጻለሁ አለችኝ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከቪዲዮው አላነሳችም። ቪዲዮው ላይ የልጅቷ ፊት እጅጌ እንዴት እንደሚቆረጥ ያብራራል፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ጠረጴዛው ሲወርድ መቀሱን የያዘው እጅ አውራ ጣቱ ላይ ያረጀ የካውያ ጠባሳ አለው። ስልኩን የያዙትን የልጅቷን ጣቶች ቀና ብላ አየች። ለስላሳ ነበሩ።

አለቃዋ እንደገና ደወለ። አላነሳችም። ወንድምየውን ላፕቶፑ ፊት አስቀምጣ የእህቱን የድረ ገጽ ሒሳብ እንዲከፍትላት አደረገች። የይለፍ ቃሉ አራት ጊዜ አልሠራም ብሎ በአምስተኛው ተከፈተ። የሟቿንም ስልክ ተመለከተች፤ ያየችውን ለማንም ሳትናገር ሦስቱንም የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«መብራት አልጠፋም። ስለዚህ ጀነሬተሩን ያስነሳው ሰው ብርሃን ፈልጎ አይደለም። ከመጠለያው ገፍቶ ያመጣውም ሌላ ነገር ፈልጎ ነው» አለች።

«ሊገድላት ነዋ» አለ ወንድምየው።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን ቀይዋ መብራት በርታ ነበር። ያንን ያየ ሰው ቀረጻ ላይ ናቸው ይላል። ቀረጻን ለማበላሸት ደግሞ ከጀነሬተር ጩኸት የተሻለ ምን አለ? ክፍሉ በስፖንጅ የተደፈነ ነው፤ ድምፅ የሚያስገባው ያ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድምፃቸው ተዘግቶ ምን ሊቀርጹ?»

«እሱ ነው ነገሩ። እርስዎ ያውቁ ነበር፤ ወንድማቸውም ያውቁ ነበር። ሁለታችሁም መብራቷ የበራችው ማንም እንዳይረብሻቸው እንደሆነ ትረዱ ነበር። የሚቀርጹ ሊመስለው የሚችለው ያን ቀን ያላገኛቸው ሰው ብቻ ነው።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ድምፅዋ ጥርት ብሎ ነበር አልሽኝ። ስልካቸውን አይቼዋለሁ። ትናንት ከአንቺ ጋር የተደረገ ጥሪ የለም።»

ወንድምየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፣ ግን የሚሄድበት ስላጣ እዚያው ቆመ።

«ሦስተኛው ድረ ገጽ ላይ አስተማሪው በቀጥታ ይታያል» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «ተማሪ መሐል ላይ፣ እስቲ ደግመሽ ቁረጪልን ቢል አትችዪም። እጁ የአንቺ አልነበረም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቴን ሰጠኋት» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መንገድ ላይ ሰው እያቆመ ያመሰግነኝ ነበር። ከእንግዲህ ፊቱም እጁም የራሴ ነው ብላ በሁለት መስመር ጻፈችልኝ። ስምንት ሰዓት ላይ መጣሁ። ልለምናት ነበር። ቀይ መብራቱን ሳይ ደሜ ፈላ። ጩኸቱን ሰምታ ትወጣለች፣ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብዬ ነበር። ቆሜ ጠበቅኋት። ሳትወጣ ስትቀር፣ ንቃኝ ነው ብዬ ትቻት ሄድኩ።»

«ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ነበር። ጩኸቱ አልደረሳቸውም። አፍንጫቸው ተደፍኖ ጭሱም አልሸተታቸውም።»

«ምን እየሰማች ነበር?» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ «አንቺን» ብላ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረችው። የሁለተኛው ድረ ገጽ ቅጽ ነበር፣ ተሞልቶ ያልተላከ። የአስተማሪው ስም በሚለው ቦታ የልጅቷ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ማስታወሻ አለ፤ «የቀድሞዎቹ አርባ ትምህርቶች በእህቴ ልጅ ስም እንደወጡ ይቀመጡ። ስህተት እንዳይኖርባቸው አንድ በአንድ እያየኋቸው ነው። ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሻለሁ።»

ልጅቷ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ያዘች። ማንም አላባበላትም፤ ማንም አልተቆጣትም። ሽማግሌው ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት።

«አጎቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ተማሪዎቹን አንተ ንገራቸው። እኔ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።»

ወንድምየው የሚንጫጫውን ስልኳን ከእጇ ተቀበለ።

መርማሪዋ ወደ ውጭ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች።

«ዘጋሽው?» አላት።

«አደጋ አይደለም።»

«ግድያ ነዋ? ቅጹ ላይ እሱን ምልክት አድርጊበትና ላኪው።»

በበሩ በኩል ልጅቷ ስትነሣ አየቻት፤ አጎቷ ክንዷን ይዟል፣ ደግፏት ይሁን እንዳታመልጥ ይዟት አይታወቅም።

«ግድያም አይደለም፤ ቅጹ ይቆይ» አለች መርማሪዋ። «ሁለት ገጽ ባዶ ወረቀት እፈልጋለሁ። ይሄንን ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ቃል እጽፈዋለሁ።»