በግራ ጫማው ክር ላይ

ዴልፊን ሉሚባው ለፖሊስነት ማለ በተባለ በሁለት ሰዓቱ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው የጥበቃ ቦታው ሞቶ ተገኘ። አዲሱን የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ከጆሮው በላይ ተፈንክቷል።

ኢንስፔክተር ኤርሊንዳ ከኢሎኢሎ ከተማ ስትደርስ የማሠልጠኛው አዛዥ ሻምበል አብሬኒካ በካቴና ታስሮ ነበር። ትናንት ዴልፊንን ገፍትሮ «ሽማግሌ ወታደር ለቀብር እንጂ ለፖሊስ አይሆንም» ሲለው ሠልጣኙ ሁሉ ሰምቷል።

ኤርሊንዳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ክንዱ እንደ እንጨት ደርቋል። ከራሱ ሥር ባለው አሸዋ ላይ ጠብታ ደም የለም። በግራ ጫማው ክር ላይ ስሙ የተቀረጸባት የወታደር መታወቂያ ብረት ታስራለች። እሷን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ሚስቱ ፒላር በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝ እንዳቀፈች የማሠልጠኛው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠዋት አጥሩን ተደግፋ የስም ጥሪውን ስትሰማ እንደነበር ነገረቻት።

«ስሙ ሲጠራ ‹አቤት› አለ። ድምፁ ጎርንኖብኝ ጉንፋን ይዞት ይሆናል አልኩ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «ጡረታው ይሰጠናል፣ አይደል? ሦስት ልጆች ናቸው» ብላ ጠየቀች።

ኤርሊንዳ ደንቡን ታውቀዋለች። መንግሥት ሃያ ዓመት ሳያገለግሉ፣ ያለ ጡረታ ከጦሩ የወጡትን ለፖሊስ ሲጠራ የውትድርና ዘመናችሁ ለጡረታ ይቆጠራል ብሎ ነበር፤ ለሚምል ብቻ። ምሎ በሥራ ላይ ለሞተ ጡረታው ለቤተሰቡ ነው። ሳይምል ለሞተ ምንም የለም።

ከቀትር በኋላ ሻምበሉን፣ ፒላርንና የዴልፊንን አበልጅ ክሪሳንቶን በምግብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ክሪሳንቶ ከዴልፊን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጓድ ያገለገለ፣ አሁንም አብሮት የሚሠለጥን፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሰው ነው።

«ገና ዛሬ ጠዋት የማለ ሰው እንዲህ አይደርቅም» ብላ ጀመረች። «የተፈነከተ ራስ ይደማል፤ አሸዋው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ የሞተው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰዓት ነው። መታጠቢያ ቤቱን አይቼዋለሁ። የገንዳው ጠርዝ ሥር ያልታጠበ ደም ቀርቷል። በሩ ላይ ያለው የልብስ ጋሪ ጎማ ደግሞ የመጋዘኑን አሸዋ ይዟል።»

«እኔ መታጠቢያ ቤት አልደረስኩም» አለ ሻምበሉ።

«አውቃለሁ። እርስዎ ጦር ሜዳ ውለው አያውቁም። ወታደር ሁለት መታወቂያ አለው። ሲሞት ጓዱ አንዱን ጫማው ላይ ያስራል፤ ሌላውን ለአለቃ ሊያደርስ ይይዛል። በሕይወት ላለ ሰው ይህን የሚያደርግ የለም። ጫማውን ያሰረለት ሰው መሞቱን ያውቅ ነበር፤ እጁም የለመደውን አደረገ።» ወደ ክሪሳንቶ ዞረች። «ሁለተኛው የት አለ?»

ክሪሳንቶ የሻምበሉን ካቴና አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ብረቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረቴን ብሎ ወደቀ፤ ራሱን ገንዳው መታው። ስደርስ አልቋል። አዲሱን የደንብ ልብስ አልብሼ በሩን ቆለፍኩበት። ስሙ ሲጠራ ከኋላ ሆኜ ‹አቤት› አልኩለት። መሐላው እንደሆነ በጅምላ ነው፤ ማን አየ? በኋላ ሁሉም ምሳውን ሲጠብቅ በጋሪው ወሰድኩት። ሰው ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም፣ ኢንስፔክተር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ፣ የጎደለችው አንዲት ‹አቤት› ነበረች።»

ኤርሊንዳ የሻምበሉን ካቴና ፈታች። ክሪሳንቶ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

ከዚያ የምርመራ መዝገቧን ገለጠች። የሞተበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ብዕሯ እላዩ ላይ ቆመ፤ ፒላርም ብዕሩን እያየች ነበር። ኤርሊንዳ «አሥራ አንድ ሰዓት፣ ንጋት» ብላ ጻፈች።

ፒላር ተነሥታ የሙዝ ቅጠሉን ፈታች፤ የቀዘቀዘውን ሩዝ ክሪሳንቶ ፊት አኖረችው።

«ብላ፣ አበልጄ» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም።»